ሲየንቶ

አንቶፋጋስታ ላይ ዝናብ እንግዳ ነው፤
መጣ ሲባል ሕዝቡ ደጅ ወጥቶ የሚያየው።
ከፊት ባሕር አለ፣ ከኋላ በረሃ፣
መሐሉ ላይ ትምህርት ቤት፣ በበርሜል የሚጠጣ ውሃ።

ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ወንበር፦
አንዱ ከቦሊቪያ፣ አንዱ ከካሊ ሰፈር፣
የወደብ ልጆችም፣ ወሬ አፋቸው የማያድር፤
በመስኮቱ በኩል፣ የመጨረሻውን ጥግ ይዛ
ዊድሊን ከሄይቲ፣ በዝምታ ፈዝዛ።

ቲያ ኖልፋ ገባች፣ ጠመኔ ጨብጣ።
(ቲያ ማለት አክስት ነው፤ አገሬው መምህርቱን
እንዲህ ነው የሚጠራት፣ ሳይቆጥር ዝምድናዋን።)
ፊት ሣለች ሰሌዳ ላይ፣ ክብ፣ ዳቦ የመሰለ፤
“ኦሆ” አለች፣ ዓይን፤ ክፍሉ “ኦሆ!” አለ።
“ኦሬሃ” ጆሮ ነው፣ “ናሪስ” ነው አፍንጫ፤
“ሌንጓ” ሲባል ሁሉም ምላሱን ጎለጎለ፣ ሣቁም አጣ መቋጫ።
“ማኖ” ላይ ሲደርሱ ሰሚ ጠፋ፤ እጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤
አንዱ በእርሳስ ይወጋል፣ የተወጋው ይመልሳል፣
አንዷ የጓደኛዋን ጉንጉን ከወንበር ጋር ታስራለች።

ከዚያ ግሱ መጣ፤ “ኡዌሎ”፣ አሸታለሁ።
ከቃሉ ፊት ለፊት፣ በር ላይ፣ ቆማለች
አንዲት ፊደል፣ ተጽፋ ዝም ያለች።
“ይቺስ ምን ትሠራለች?” አለ ባስቲያን።
“ዓይን ያያታል እንጂ” አለች ቲያ፣ “ጆሮ አያገኛትም።
እንዲያም ሆኖ ከሌለች ቃሉ አይጻፍም።”
(እኛ ሦስት ሀ ይዘን አንድ ድምፅ እናወጣለን፤
እነሱ አንድ ይዘው ምንም። ማን ይሣቅ በማን?)
ዊድሊን ፊደሏን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት።

ቀጥሎ ፈተና፤ ዓይን ተሸፍኖ ይታሰር፤
አምስት የወረቀት ከረጢት፣ በየሆዳቸው ምስጢር፦
የብርቱካን ልጣጭ፣ የልብስ ሳሙና፣
ያደረ ዓሣ (ባስቲያንን ሊያስመልሰው ነበርና)፣
ቀረፋ። በመጨረሻ ዊድሊን ቀረበች፤
አንገቷን ሰበር አድርጋ አሸተተች፤
“ሲየንቶ ሊሞን” አለች።

ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። “ሲየንቶማ፣” አለች ቲያ፣
“ለብርድ ነው፣ ለሕመም፣ ለልብ ነው መናገሪያ፤
አፍንጫ ሲሆን ኡዌሎ።” ደብተሯ ላይም አሰመረች፣
በፍቅር ነው፤ ግን በቀይ።

በልጅቷ የአፍ መፍቻ ቋንቋ “ሳንቲ” አንዲት ቤት ናት፤
ሁለት በር አላት፤
ባንዱ ሽታ ሲገባ፣ በሌላው ሐዘን ይገባባታል፤
ውስጥ ሲደርሱ ማን የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል?
(እኛስ “ተሰማኝ” ስንል፣ ልብን ጆሮ ስናደርግ፣
ማን በቀይ አሰመረብን?)

ሰኔ ላይ፣ እዚያ ክረምት ነው፣ ዝናብ የሌለው ክረምት፣
የመስኮቱ ወንበር ባዶውን ዋለ አራት ቀን።
በአምስተኛው መጣች። አባቷ በር ላይ ቆሞ
ቆቡን እያሻሸ፣ በተሰባበረ ቃል፣
“ጎናይቭ ያለችው አክስቷ… ያሳደገቻት… ኬትሊ…”
ቀሪውን አልጨረሰም። ዓሣ ማራገፍ ነበረበት፣ ሄደ።

ቲያ ኖልፋ በርከክ አለች፣ እኩል ሆኑ በቁመት፤
“ሎ ሲየንቶ” አለቻት።
እኛ እግዜር ያጽናሽ እንደምንለው መሆኑ ነው፤
ቃሉን ፈትተው ቢያዩት ግን “ይሰማኛል” ነው የሚለው።

ዊድሊን ቀና አለች። “አንቺም ይሸትሻል?”
በስፓኒሽ ነው የጠየቀችው፣ በዚያችው በስህተቷ።
ቦርሳዋን ከፈተች። ከደብተሮቹ ሥር
ቢጫ ሻሽ አወጣች፣ አንድ ጫፉ እንደተቋጠረ፤
ቋጠሮውን ያሰረችው እጅ ዛሬ የለም፤
ስለዚህ ማንም አይፈታውም።
“ሲየንቴ” አለች፣ ለመምህርቷ እየዘረጋች።

ቲያ ኖልፋ አፍንጫዋን አስጠጋች።
የጉሎ ዘይት። ከሰል። ጨው ያለበት ነፋስ።
ከዚያ ሌላ ነገር፣ በሃያ ሁለት ዓመት ማስተማር
አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ ያልጻፈችው።
ቀዩ እስክሪብቶ ኪሷ ውስጥ ነበር።
እዚያው ቆየ።

ደወል ተደወለ። ባስቲያን ሮጠ ኳሱን ይዞ፤
እነሱ ቀሩ፣ ሻሹ በሁለት እጅ፣ መሐል ላይ ተይዞ።